የአያቷን የኬረላ ሳሪ ለ7 ዓመት ልጄ ፓቫዳ (የልጆች ጉርድና ሸሚዝ) ላሰፋው? ጅማ ያላችሁ እርዱኝ

እናት_ዘጅሬን

ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቼ አባት ወገን ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ ነው። ሴቷ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ለኬረላዎቹ የመከር በዓል ለኦናም “እንደ አያቴ መልበስ እፈልጋለሁ” ብላ ራሷ ጠይቃለች። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ትምህርት ቤት ሲከበርም በዚያው ልብስ መሄድ ትፈልጋለች። አያቷ የላኩት ሳሪ ቤት አለ። ክሬም ቀለም ያለው ስስ ጥጥ ነው፤ በሁለቱም ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ወርቃማ ጥለት አለው፣ አንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ወርቃማ ጥለት ተሠርቶበታል። ርዝመቱ 5 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ15 ነው።

ልኳ፦ ቁመት 120፣ ደረት 60፣ ወገብ 55፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት 68 ሳ.ሜ.።

ሳሪውን ልቁረጠው ወይስ ሌላ ጨርቅ ልፈልግ? ከቆረጥኩትስ ስንት ሜትር ይበቃል? ልብስ ሰፊዎች ጋ ሄጄ “የህንድ ልብስ” ስላቸው የሚያሳዩኝ ፊልም ላይ ያለውን፣ እምብርት የሚያሳየውንና በሚያብረቀርቅ ነገር የተሞላውን ነው። እሱን አልፈልግም። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ታድጋለች፣ የሚያሳክካትን ልብስ አውልቃ ነው የምትጥለው፣ ቀኑን ሙሉም ትሮጣለች። የ4 ዓመት ወንድሟ ደግሞ “የኔስ?” ማለቱ አይቀርም።

ሰፊው_ሄርማታ

እህቴ፣ ለልብስ ሰፊው “የህንድ ልብስ” አትበይው። እንደዚያ ከተባለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሌሄንጋን ነው፤ እሱ የሰሜኑ ልብስ ነው። የባለቤትሽ አገር ልጆች የሚለብሱት ፓቫዳ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሽንሽን ጉርድ አለው፣ ከላይ ከወገብ በታች የሚወርድ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ይለበሳል፣ በቃ። ትከሻ ላይ የሚጣል ነጠላ ለ7 ዓመት ልጅ አይጨመርም፤ እሱ ጎረምሳ ስትሆን የሚመጣ ነው። ልብስ ሰፊው እንዲገባው “ከእጅ አልባ ገበር ጋር የተያያዘ ሽንሽን ጉርድ፣ ከላዩ ለብቻው ልቅ ሸሚዝ” በዪው። ይህን ማንም መስፋት የሚችል ሰው ይረዳዋል።

ሳሪውን በተመለከተ፣ እኔ ቁረጪው ባይ ነኝ። የእናትን ወይም የአያትን ሳሪ ለልጅ ፓቫዳ ማድረግ በደቡብ ህንድ የተለመደ ነው፣ እንደ ነውር አይታይም። ደግሞ በትክክል ከተቀደደ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም የሚሄደው። ለላኩት አያት ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ከመቆረጡ በፊት ሳሪው ለብ ባለ ውሃ ያለ ሳሙና አንድ ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ሳይጨመቅ ጥላ ላይ ይድረቅ። ጥጡ የሚሰበሰበውን ያህል አሁን ይሰበሰብ። ልኩ የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቅዱ። ሰፊው ጥለት ያለበትን ጫፍ አትንኪው። የሚቆረጠው ከሌላኛው፣ ሳሪው ሲለበስ ወገብ ውስጥ ከሚገባው ጫፍ ነው። ወገቧ 55 ነው፤ 5 ለምቾት ሲጨመር 60 ይሆናል። እያንዳንዱ ሽንሽን 3 ሳ.ሜ. ከላይ ይታያል፣ 6 ሳ.ሜ. ከሥሩ ይደበቃል፤ ስለዚህ አንዱ 9 ሳ.ሜ. ጨርቅ ይበላል። 20 ሽንሽን 180 ይወስዳል፣ ለመገጣጠሚያ 4 ሲጨመር 1 ሜትር ከ84። ይህ የጉርዱ ዙሪያ ነው። ከዚህ ማሳነስ ይቻላል፣ ግን ዙሪያው ከ1 ሜትር ከ60 ካነሰ እግሯን አጣጥፋ ስትቀመጥ ጉልበቷ ላይ ይወጠራል። የኦናም ምግብ ደግሞ በልማዱ መሬት ተቀምጦ በሙዝ ቅጠል ላይ ነው የሚበላው።

ቁመቱ ላይ የሳሪው አንድ ጠርዝ ራሱ የጉርዱ ታች ይሆናል፣ ወርቃማው ጥለት እዚያ ነው ያለው። አልቆ 66 ሳ.ሜ. እንዲሆን፣ 10 ለእድገት፣ 2 ለወገብ ስፌት፣ በድምሩ 78። የሳሪው ወርድ 115 ስለሆነ ከላይ 37 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው፣ ሌላኛው ጠርዝ ላይ ጥለት ያለው ቁራጭ ይተርፋል። ሸሚዙ ሙሉ በሙሉ ከዚህ ይወጣል። የፊቱ ገጽ 38 በ37፣ ከኋላ ስለሚከፈት የኋላው 44 በ37፣ ሁለቱ እጅጌዎች እያንዳንዳቸው 38 በ18 ሆነው ጥለቱ እጅጌው ጫፍ ላይ ይወድቃል። በወርድ ሲደመር 158 ነው፣ ከ184 ላይ ይተርፍሻል። የሸሚዙ ታችም ጥለቱ ራሱ ስለሆነ አይቀመቀምም፤ አልቆ 35 ሳ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ከወገቧ 6 ወይም 7 ሳ.ሜ. ዝቅ ስለሚል እጇን ወደ ላይ ብታነሳም ሆዷ አይታይም።

የእድገቱ 10 ሳ.ሜ. የሚደበቀው በሁለት እጥፋት ነው። እያንዳንዱ እጥፋት 2 ተኩል ሳ.ሜ. ጥልቀት አለው፣ ሁለት ድርብ ስለሆነ 5 ይበላል። ከጥለቱ በላይ በውስጥ በኩል፣ ጨርቁ ገና ዝርግ እያለ፣ ሽንሽኑ ሳይያዝ ይሰፋ። ከተሸነሸነ በኋላ እጥፋት ከተሞከረ የጉርዱ ታች ይወላገዳል፣ አይስተካከልም። ስፌቱ ረጅም ይሁን፣ 4 ሚሊ ሜትር፤ ከሥር የሚገባው የማጠንጠኛ ክር ቀለሙ ትንሽ ለየት ቢል ደግሞ የዛሬ ዓመት ተኩል ሲተረተር የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። አንዱን እጥፋት ቀድመሽ ትፈቺያለሽ፣ ሁለተኛውን ቆይተሽ። ስለዚህ ልብሱ ሦስት ዓመት ያህል ሊያገለግላት ይችላል።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ልብ በዪ። ሰፊው 78 ለ66 ሲያይ “ትርፍ ነው” ብሎ ከላይ ይቆርጠዋል። ወይም በልማዱ የጉርዱን ታች አጥፎ ይቀመቅመዋል፣ ግማሹ ጥለት ተደብቆ ይቀራል፣ ጠርዙም ይደነድናል። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው፦ ከላይ አይቆረጥም፣ ከታች አይቀመቀምም።

ሕፃን ዳሌ የለውም፤ በገመድ ወይም በላስቲክ ብቻ የታሰረ ከባድ ጉርድ ሲሮጡበት ይወርዳል፣ አጥብቀው ሲያስሩት ደግሞ ሆድ ላይ መስመር ያወጣል። ለዚህ ነው ጉርዱ ከእጅ አልባ ገበር ጋር ወገብ ላይ የሚያያዘው። ክብደቱን ትከሻዋ ይሸከመዋል። ለገበሩ ግማሽ ሜትር ለስላሳ ፖፕሊን ይበቃል፤ ደረቱ 66፣ ወገቡ 60 ይሁን። የሚከፈተው ከፊት በ4 ቁልፍ ይሁን፣ ክፍተቱም በሽንሽኑ ሥር 12 ሳ.ሜ. ወደ ጉርዱ ይውረድ። ሸሚዙና ሽንሽኑ ስለሚሸፍኑት አይታይም፣ እሷም ያለ ሰው እርዳታ ትለብሰዋለች፣ ታወልቀዋለች። ሽንት ቤትም ምንም መፍታት የለባትም፣ ጉርዱን ማንሳት ብቻ ነው።

መርፌው 11 ቁጥር ይሁን። ካኪ የሚሰፋበት 16 ቁጥር መርፌ ወርቃማውን ክር እየጎተተ ያሸበሽበዋል። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይተረተራል፤ መገጣጠሚያው 1 ተኩል ሳ.ሜ. ይተውለት፣ ጠርዙም ኦቨርሎክ ይደረግ። እጅጌው ጫፍና አንገቱ ላይ ወርቃማው ክር በቀጥታ ቆዳ እንዳይነካ ከውስጥ 3 ሳ.ሜ. ስፋት ባለው የፖፕሊን ቁራጭ ይሸፈን። ልጆች “ያሳክከኛል” የሚሉት ብዙውን ጊዜ ጥጡን አይደለም፣ ይህንን ክር ነው።

ድርና_ማግ

ከላይ የተጻፈው ቅድ ጥሩ ነው፣ ሸሚዙን ከትርፉ ማውጣቱን ወድጄዋለሁ። ሳሪው ላይ ግን አልስማማም። ከአያት እጅ የመጣው አንድ ሳሪ ብቻ ከሆነ ባይቆረጥ ይሻላል፤ እዚሁ ጅማ ሽማኔ ማሠራት እየተቻለ መቀስ ማንሳት አያስፈልግም። የኬረላው ጨርቅ ክሬም ጥጥ ላይ ወርቃማ ጠርዝ ነው። የኛ ሽማኔ በየቀኑ ከሚሠራው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ግን ያ አንድ ነገር ካልተነገረው ሥራው ይበላሻል።

በኛ ነጠላ ላይ ጥለቱ በማግ ነው የሚገባው፣ ጨርቁ ሊያልቅ ሲል ጫፉ ላይ። በኬረላው ግን የጠርዙ ወርቃማ መስመር በድሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ሸማኔው ሲጀምር ከዳር በኩል ወርቃማ ክር ይደረድርና እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው 1 ሜትር ከ84 ዙሪያ ያለው ጉርድ ያለ መገጣጠሚያ አንድ ወጥ ጥለት የሚያገኘው። ሽማኔውን “ጥለት ያለው ጨርቅ” ብቻ ካልሽው ጫፍና ጫፉ ላይ ይሠራልሻል። ያን ጊዜ ጥለቱ ታች እንዲሆን ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን መስፋት ግድ ይሆናል፤ የሀበሻ ቀሚስ ያምርበታል፣ ፓቫዳ ላይ ግን ሽንሽኑ መገጣጠሚያው ላይ ሲያርፍ ያብጣል። ስለዚህ ትእዛዙ እንዲህ ይሁን፦ ወርድ 85 ሳ.ሜ.፣ ርዝመት 3 ሜትር፣ በአንድ ዳር በድሩ 4 ሳ.ሜ. ወርቃማ፣ በሌላው ዳር 1 ሳ.ሜ.። ወርዱ ታጥቦ ሲሰበሰብ ከጉርዱ ቁመት ጋር ስለሚገጥም በቁመት የሚባክን የለም። ከ3 ሜትሩ 1 ሜትር ከ84 ለጉርድ፣ 90 ሳ.ሜ. ለሸሚዝ፣ የቀረው ለመሰብሰቢያው ነው።

ሁለተኛው ችግር ክሩ ነው። ሳባው፣ ማለትም አብረቅራቂው ወርቃማ ክር፣ ውሃ ሲነካው አይሰበሰብም፣ ጥጡ ይሰበሰባል፤ በእጅ የተሠራ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከሜትር ላይ 5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ሊቀንስ ይችላል። ጠርዙ ሳባ ብቻ ከሆነ ከታጠበ በኋላ እንደ ማዕበል ይሆናል፣ ካውያም አይመልሰው። መፍትሔው ሳባውን ከወርቃማ ቢጫ ጥጥ ጋር አንድ በአንድ እያፈራረቁ መደርደር ነው። አብረቅራቂነቱ ይቀንሳል፣ ግን ለልጅ ይበልጥ ለስላሳ ነው፤ ማሳከኩንም በግማሽ ያቃልልሻል። ለማጉ ደግሞ የመነን ክር ይጠቀም፤ ወፍራም ፈትል ከተጠቀመ 20 ሽንሽን ወገብ ላይ ሲከመር ትራስ የታሰረ ይመስላል።

ጊዜ ከሌለሽ ወይም መጀመሪያ ሙከራ ከፈለግሽ አቡጀዴ አለ። ያልነጣው አቡጀዴ ቀለሙ ከኬረላው ጨርቅ ጋር በጣም ይቀራረባል። አንድ ጊዜ ታጥቦ ማጠንከሪያው ይውጣለት፣ ከዚያ 5 ሳ.ሜ. ወርቃማ ጨርቅ ታች ላይ ይለጠፍ። የሳቲን ሪባን አትግዢ፤ አቡጀዴው በየእጥበቱ ሲሰበሰብ ሪባኑ እንደነበረ ስለሚቀር ይሸበሸባል።

አንዳንዱ ሰው የኛን ባለ ብዙ ቀለም ጥበብ ፓቫዳው ታች ላይ ማድረግ ይመክርሻል። የእናቷም ወገን ስለሆነ ምንም ክፋት የለውም፤ ሆኖም ልጅቷ የጠየቀችው እንደ አያቴ ልልበስ ብላ ነው። የመጀመሪያው ልክ እንደ አያቷ ይሁንላት። ድብልቁን ራሷ ስትፈልግ ትጠይቃለች።

እናት_ዘጅሬን

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም። አያቷን ደውለን ጠየቅናቸው፣ “ለሷ ነው የላክሁት፣ ቁረጡት” ብለዋል። ስለዚህ ሳሪውን እቆርጣለሁ፣ ለሙከራ ግን መጀመሪያ በአቡጀዴ አሰፋለሁ። ሦስት ነገር ቀረኝ። የኔ ቤተሰቦች ሙስሊም ናቸው፣ ይህ ልብስ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው ወይ? ግንባር ላይ የምትደረገዋስ ነጥብ የግድ ናት? ለወንዱስ ምን ላድርግለት?

ቡና_ተራ

እህቴ፣ ፓቫዳ የአገር ልብስ ነው፣ የሃይማኖት አይደለም። ኬረላ ውስጥ ሂንዱም፣ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም በብዛት አብረው ይኖራሉ። የየራሳቸው የቆየ አለባበስም አላቸው፤ የማላባር ሙስሊም ሴቶች ካቺ የሚባል ሽርጥ፣ ኩፓያም የሚባል ሸሚዝና ታታም የሚባል የራስ መሸፈኛ፣ የሶርያ ሥርዓት ክርስቲያኖች ደግሞ ቻታ የሚባል ነጭ ሸሚዝና ከኋላው እንደ ማራገቢያ የተሸነሸነ ሙንዱ የሚባል ሽርጥ። ክሬምና ወርቃማው ጨርቅ ግን የሁሉም ነው። ኦናምም የመከር በዓል ነው፤ በአፈ ታሪኩ ደጉ ንጉሥ ማሃባሊ በዓመት አንዴ ሕዝቡን ሊጎበኝ የሚመጣበት ቀን ነው፣ የሦስቱም እምነት ሰዎች ያከብሩታል። ቺንጋም በሚባለው ወራቸው ስለሚውል በኛ አቆጣጠር ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው፣ ከእንቁጣጣሽ ጋር ይጎራበታል። በዚያ በዓል ትልልቆች ለልጆች አዲስ ልብስ ይሰጣሉ፣ ኦናኮዲ ይባላል። የአያቷ ሳሪ ያለ ቦታው አልገባም።

ነጥቧ የግድ አይደለችም። ሙስሊምና ክርስቲያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ያለ እሷ ያለብሳሉ። ልታደርጊላት ከፈለግሽ የሚለጠፈውን ለጥቂት ሰዓት ብቻ አድርጊላት፣ ከመተኛቷ በፊት ይነሳ። አንዳንዱ ማጣበቂያ በተደጋጋሚ ሲነካ ቆዳን የሚያነጣ ኬሚካል አለው። ግንባሯ ከቀላ ወይም ካሳከካት ተዪው። ከእሷ ይልቅ አበባው ነው ልጆችን የሚያስደስታቸው። ፀጉሯ አንድ ወይም ሁለት ሆኖ ወደ ኋላ ይጎንጎንና ትናንሽ ነጭ አበቦች በክር ታስረው ከጉንጉኑ መነሻ ላይ ይዞራሉ። ኬረላ ውስጥ አበባውን የሚያስሩት በሙዝ ግንድ ቃጫ ነው፤ ጅማ ላይ የእንሰትም ሆነ የሙዝ ቃጫ ስለማይጠፋ ረጠብ አድርገሽ ተጠቀሚ። ሽቦ ግን አታስገቢ፣ ስትሮጥ ራሷን ይወጋታል። አምባሩም የመስታወት አይሁን፤ አንዱ ከተሰበረ እጅ ይቆርጣል። ሻኩራ ያለው የእግር አልቦ ለቤት ይሁን፣ ክፍል ውስጥ መምህሩን ያስቸግራል።

ለወንዱ ሙንዱ ነው፣ ወገብ ላይ የሚጠመጠም ሽርጥ። ለ4 ዓመት ልጅ 1 ሜትር ከ40 በ58 ሳ.ሜ. ይበቃል። ከሳሪው አትቁረጪለት፣ አቡጀዴው ይሁንና ታቹ ላይ ያው ወርቃማ መስመር 2 ሳ.ሜ. ይደረግ፤ የወንዶቹ መስመር ቀጭን ነው። አዋቂ ጠምጥሞ ነው የሚያስረው፣ ሕፃን ላይ ግን በአምስት ደቂቃ ይፈታል። ከኋላ 20 ሳ.ሜ. ላስቲክ ይግባበት፣ ከፊት የሚደራረበው ቦታ ላይ ደግሞ በልጆች ጫማ ላይ ያለው ተጣባቂ ጨርቅ 8 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ጎን ይሰፋ፤ ቁራጩ አጭር ከሆነ ሲያጎነብስ ይላቀቃል። ከሥሩ ቁምጣ ይልበስ። ለጨዋታ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይ አጥፎ ጉልበቱ ላይ ማሰር እዚያ አገር የወንዶች ልማድ ነው፣ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆሙ ያወርዱታል። ይህን ካስተማርሽው በራሱ ይወደዋል። ከላይ የእህቱን ሸሚዝ የሚመስል ተራ አጭር እጅጌ ሸሚዝ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእሷ ሸሚዝ ከሳሪው ቁራጭ መውጣቱ ጥሩ ነው፣ ግን ኬረላ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ደማቅ ቀይ ሸሚዝ በክሬም ጉርድ ላይ መልበስም እኩል የተለመደ ነው። ልጅቷን አስመርጪያት። የራሷ ምርጫ ያለበትን ልብስ አታወልቅም። ቀይ ከመረጠች ግን ጨርቁ ሳይሰፋ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግመሽ ለብቻው እጠቢው፤ ጨው መጨመር ብቻውን ቀለሙን አያስረውም፣ በነሐሴ ዝናብ ደግሞ ቀዩ ክሬሙ ላይ ይፈሳል።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድማ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ትልበሰው። እግሯን አጣጥፋ ትቀመጥ፣ ደረጃ ትውጣ፣ እጇን ታንሳ፣ ትሩጥ። አንቺ ዝም ብለሽ እጇን ተመልከቺ። ስትራመድ ጉርዱን በእጇ የምትይዝ ከሆነ ረዝሟል፣ 2 ሳ.ሜ. ይነሳ። አንገቷን የምትጎትት ከሆነ የአንገቱ ቅድ 1 ሳ.ሜ. ዝቅ ይበል። ብብቷ ላይ ቀይ መስመር ካለ እጅጌው ተፈትቶ ይስፋ። ደረጃ ላይ ጉርዱን በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ከፍ ማድረግ አሳያት፣ ከፊት ብቻ ካነሳችው ከኋላ ትረግጠዋለች።

ትምህርት ቤት “ምንድን ነው የለበስሽው?” መባሏ አይቀርም። ልብሷ ፓቫዳ እንደሚባል፣ አያቷ ከኬረላ እንደሆኑ፣ ወርቃማው መስመር ጨርቁ ሲሠራ አብሮ የገባ እንጂ የተለጠፈ እንዳልሆነ ካወቀች ራሷ ትመልሳለች። መምህሯንም አስቀድመሽ አናግሪ፤ “የፊልም ጭፈራ አሳዪን” የሚል ጥያቄ እንዳይመጣባት። ለትልልቆቹ መምህራን ኬረላ እንግዳ አይደለችም፣ በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብና ሳይንስ ካስተማሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ።

አዌቱ

ስለ አጠባውና ስለ ማስቀመጡ ማንም አልጻፈም፣ የጅማ ዝናብና ቀይ አፈር ደግሞ ዋናው ፈተና ነው።

ጭቃ ከነካው እርጥብ እያለ አታሺው፣ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል። ይድረቅ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በእጅ ይታጠብ። በረኪና በፍጹም፤ ክሬሙን ያቦጫጭቀዋል፣ ወርቃማውን ያጠቁረዋል። ሲጨመቅ አይጠመዘዝ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጫን። ካውያው በመካከለኛ ሙቀት፣ ከጀርባው፣ ስስ ጨርቅ ተደርጎበት ይሁን። የዛሬው ወርቃማ ክር አብዛኛው ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ የተጋለ ካውያ ሲነካው ይኮማተራል።

ኬረላዎች ይህን ጨርቅ በሩዝ ውሃ ያጠነክሩታል። ለልጅ ካደረግሽው በጣም ቀጭን ይሁን፣ አንድ ኩባያ የሩዝ ውሃ በአራት ኩባያ ውሃ፣ ጉርዱ ላይ ብቻ። ሸሚዙ ከጠነከረ ይፈትጋታል። ከበዓሉ በኋላ ግን ሳይታጠብ እንዳይቀመጥ፤ ሩዙ ውስጡ ከቀረ በክረምት ይሻግታል፣ ነፍሳትም ይበሉታል።

ሲቀመጥ በፌስታል አይሁን፣ እርጥበት አፍኖ ነጠብጣብ ያወጣል። በአሮጌ ነጠላ ወይም በንጹህ አቡጀዴ ተጠቅልሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ። በሁለት በሦስት ወር አንዴ አውጥታችሁ የታጠፈበትን መስመር ቀይሩ፤ ወርቃማው ክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከታጠፈ እዚያው ይሰበራል። ሽቶ ጨርቁ ላይ አይረጭ፣ ጭስም አይታጠን፣ ወርቃማው ይደበዝዛል።

እናት_ዘጅሬን

አመሰግናለሁ። ሸሚዙ አረንጓዴ ይሁን ብላለች። ታዲያ ከሳሪው የሚተርፈው 37 ሳ.ሜ. ቁራጭ ምን ይሁን? የቀረውስ ረጅሙ?

ሰፊው_ሄርማታ

አረንጓዴ ከሆነ ለሸሚዙ 1 ሜትር ፖፕሊን ግዢ። ከ37 ሳ.ሜ. ቁራጭ ላይ ጥለቱን ብቻ 5 ሳ.ሜ. አድርገሽ ቁረጪና ሁለቱ እጅጌ ጫፍ ላይ ይለጠፍ፣ ከጉርዱ ጋር ያገናኘዋል። የተረፈው ሜዳ ጨርቅ አይጣል፤ ጉርዱ ቢቀደድ ከዚያው ጨርቅ ነው የሚጣፈው፣ ከሌላ ጥጥ ቀለሙ አይገጥምም። አብሮ ይታጠብ፣ አብሮ ይቀመጥ፣ እኩል ይደብዝዝ።

ረጅሙ ወደ 3 ሜትር ተኩል ይቀራል፣ ሰፊው ጥለትም አለበት። ሳትነኪው አስቀምጪው። ዕድሜያቸው 12፣ 13 ዓመት ሲሆን ልጃገረዶቹ ጉርድና ሸሚዙ ላይ ዳቫኒ ይጨምራሉ፣ ወገብ ዞሮ ትከሻ ላይ የሚወጣ ነጠላ መሰል ጨርቅ ነው፤ 2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ይበቃዋል። ጫፉ ላይ ያለው ሰፊ ጥለት ትከሻዋ ላይ ይወርዳል።

ለሰፊ የምትሰጪው እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ይሁን። ከዚያ በኋላ የእንቁጣጣሽ ሥራ ስለሚከማች ሁሉም ይቸኩላል፣ በችኮላ ደግሞ መጀመሪያ የሚረሳው እጥፋቱ ነው። ልክ ለማየት ስትሄዱ በዓሉ ላይ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ትሂድ። ጉርዱ ገበሩ ላይ በእጅ ተወስውሶ እያለ ትልበሰው፣ ትቀመጥ፣ ከዚያ ብቻ በማሽን ይሰፋ።